ማን እንደሞተ ያልታወቀበት ለቅሶ

ሁለት ምስጋና አለብኝ። አንደኛው ግድግዳዬ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ለምትኖረው ለጎረቤቴ ለወይዘሮ አስቴር ነው። ሁለተኛው ደግሞ አባትም እናትም ሳይቆጧት ላደገችው፣ ይሉኝታ የሚባል ነገር ላልፈጠረባት፣ ስልኬ ውስጥ ለምትኖር ሴት ነው። ሁለቱ ሳይተዋወቁ ተባብረው በጠራራ ፀሐይ ለቅሶ አስቀምጠውኛል። እኔ ግን አልተቀየምኳቸውም፤ እንዲያውም እግዜር ይስጣቸው እላለሁ። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ወፍጮ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። የወፍጮ ሰው ሁለት ነገር ይጎድለዋል፤ ጆሮና ለስላሳ ድምፅ። ቀኑን ሙሉ ሞተር ሲያገሳብኝ ስለምውል፣ ማታ ቤቴ ገብቼ «ጨው አቀብይኝ» ስል ከሦስተኛው ቤት ጨው ይላክልኛል። ስልኬም ድምፁ እስከ ጥግ ተከፍቶ ነው የሚኖረው፤ አለዚያ አልሰማውም። ባለቤቴ አልማዝ ምስጢር ልነግራት አፌን ስከፍት «ቆይ፣ መጀመሪያ መስኮቱን ልዝጋ» ትላለች። መስኮት መዝጋቱ ግን ከንቱ ድካም ነው። ቤታችን የጭቃ ቤት ነው፤ እኛንና ወይዘሮ አስቴርን የሚለየን አንድ ግድግዳ ብቻ ነው፤ እሱም ምርጉ ከተሰነጣጠቀ ቆይቷል። ልጠግነው ባሰብኩ ቁጥር ሌላ ሥራ ይመጣብኛል።

አንዲት ልጅ አለችን፤ ትዕግሥት ትባላለች። ቱም የምትባል ከተማ ነው ያገባችው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትቃረብ አልማዝ ቅቤዋንና የገንፎ ዱቄቷን ሸክፋ ልጇን ልታርስ ሄደች። ዱቄቱን የፈጨሁት እኔ ነኝ፤ ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት፣ ሻንጣዋን መኪናው ላይ አስጫንኩ፣ «በይ ደህና ግቢ» አልኩና እንደ ወንድ ልጅ ዞር ብዬ ሳላያት ተመለስኩ። ጀግንነቴ እስከ በሬ ድረስ ነበር። ቁልፉን ከፍቼ ስገባ ቤቱ ጭር ብሎ ጠበቀኝ።

ከተጋባን ወዲህ እሷ የሌለችበት ቤት ውስጥ ያደርኩበትን ቀን አላስታውስም። ሰው ቤት ውስጥ የሚሰማውን ድምፅ የሚያውቀው ሲጠፋ ነው። እኔ ደንቆሮው እንኳ የእሷ ነጠላ ጫማ ቧ ቧ ሲል እሰማ ኖሯል። ወፍጮ ቤት የሰውን በቆሎ ከሰው ማሽላ ጋር ቀላቅዬ ፈጨሁ፤ ባለቤቶቹ ተጣሉ፤ እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ስለነበር ሁለቱንም እሺ አልኳቸው። «ምነው ከሳህ?» ሲሉኝ «ጨጓራዬን» አልኩ። በእኛ ዕድሜ ወንድ ልጅ ሚስቱ ስትናፍቀው ጨጓራውን ነው የሚያመው። «ሚስቴ ናፈቀችኝ» ብዬ ለአንድ እድርተኛ ብተነፍስ እስከ ዕለተ ሞቴ የማይለቅ ቅጽል ስም ይወጣልኝ ነበር።

በዚያ ላይ ዝናቡ በረታና የቱም ኔትወርክ ጠፋ። የእኛ የሚዛኑ ደህና ነው፤ ወደ ቱም ስደውል ግን ያቺ «ማግኘት አይችሉም» የምትለዋ ሴትዮ ናት የምታነሳው። የቱም መኪናም በጭቃው ምክንያት ከቆመ ሰንብቷል። የመውለጃዋ ጊዜ ደርሷል፣ ወሬ የለም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ስልኬ ውስጥ ካለችው ሴት ጋር ወዳጅነት ጀመርኩ። ሬዲዮ ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሏት ናት። ትዕግሥት ለፋሲካ መጥታ ሳለ ነው የጫነችልኝ፤ «አባዬ፣ ያልገባህን ዝም ብለህ በአማርኛ ጠይቃት፤ ማሽን ናት፣ አትፈራት» ብላ። መጀመሪያ የጠየቅኳት ስለ ድንች አልጫ ነው። እርድ ጨምር አለችኝ፤ ስንት እንዳለችኝ ግን ዘይቱ ሲንጫጫ አልሰማሁም። እርድ ደግሞ በእኛ አካባቢ ሞልቶ የተረፈ ነገር ስለሆነ እጄ አልቆጠበም። አልጫው አልተበላም፤ ጣቶቼ ግን ቢጫ ሆነው ሰነበቱ፤ ሰው ሁሉ ጉበቴን ይጠረጥር ጀመር።

ከአልጫ ወደ ልብ ጨዋታ እንዴት እንደተሻገርን አላውቅም። አነጋገሯ የዜና አንባቢ ነው፤ ረጋ ብላ፣ ቃሉን አጥርታ። ከሁሉ በላይ የማረከኝ ግን «እርስዎ» የምትለኝ መሆኑ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ አንቱ ተብዬ አላውቅም፤ ድመቷ እንኳ አንተ የምትለኝ ይመስለኛል። «ዛሬ እንዴት ዋሉ?» ትለኛለች። እኔም ወፍጮው እንዴት እንደዋለ፣ ማን ዱቄቱ ጎደለ ብሎ እንደተጣላኝ እነግራታለሁ። አትቸኩልም፣ አታቋርጠኝም፣ «ይህን እኮ ትናንትም ነግረኸኛል» አትልም። አልማዝን እወዳታለሁ፤ ይህን የመጨረሻውን ግን እሷ ትላለች።

አንድ ማታ፣ ገና ራት ሳይደርስ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ተቀምጬ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። አልጋው እንደሰፋብኝ፣ ነጠላ ጫማዋ በሩ ሥር እንዳለና እሱን ባየሁ ቁጥር እንባዬ እንደሚመጣ፣ ልጄ በሰላም ትገላገል አትገላገል እንደማላውቅ ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። «ማልቀስ ነውር አይደለም» አለችኝ፤ «ስሜትዎን ስላካፈሉኝ አመሰግናለሁ፤ አይዞዎት፤ ብቻዎን አይደሉም።» በሕይወቴ አይዞህ ያለኝ ሰው ጠፍቶ አይደለም። እውነተኛውን ምክንያት ነግሬው አይዞህ ያለኝ ግን አልነበረም፤ ስላልነገርኩት። ያን ጊዜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ሲያለቅስ እንዴት እንደሚያለቅስ እናንተው ገምቱ። በመጨረሻም «በአቅራቢያዎ ያሉ ወዳጆችዎንም ቢያነጋግሩ መልካም ነው» ብላ መከረችኝ። ምክሯን አመስግኜ አልተቀበልኩትም። ቀለል ብሎኝ ተኛሁ።

ከግድግዳው ማዶ ግን ሥራ ተጀምሯል፤ ይህን ኋላ ነው የሰማሁት። ወይዘሮ አስቴር ክፉ ሰው አይደለችም። ከእኔ ቤት ሰው ሲያለቅስ ሰማች። አማርኛዋ የጠራ፣ የማታውቃት ሴት እያባበለች ስታጽናና ሰማች። ይህቺ መቼም ከጤና ቢሮ ወይም ከወረዳ የተላከች ናት አለች። ሚስቱ ቱም ናት፤ ልጁ ወላድ ናት፤ መንገድም ስልክም ዝግ ነው። እነዚህን ደምራ ጃንጥላዋን ዘርግታ በዚያ ዝናብ ወደ እድራችን ሊቀ መንበር ወደ አቶ ጳውሎስ ቤት ሄደች።

አቶ ጳውሎስ የቤንች ተወላጅ፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ቃል ከአፋቸው ታስባ የምትወጣ ሰው ናቸው። ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ «ሰውየው መርዶውን ሰምቷል፤ ዘመድ እስኪደርስ በሆዱ ይዞት ነው፤ ብቻውን አይንጋበት» ብለው ፈረዱ። እኔን አስጠርቶ መጠየቅ ማንም አላሰበውም፤ ማሰብም አልነበረበትም። ያዘነን ሰው ምን ሆንክ ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ ነው። አጠገቡ ሄደህ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ፤ ሲችል ይነግርሃል። ይህ ወግ አባቶቻችን ሲያወጡት አንድ ነገር ብቻ ነው የረሱት፤ ያዘነውም ሰው ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል።

ጎህ ሲቀድ ወደ ወፍጮ ቤት ልሄድ በሬን ስከፍት አቶ ጳውሎስና ሌሎች ሽማግሌዎች ደጄ ላይ ቆመዋል። ባርኔጣቸው በእጃቸው ነው፤ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው። በእኛ አገር በዚያ ሰዓት ባርኔጣውን አውልቆ ደጅህ የቆመ ሽማግሌ ስኳር ሊበደር አልመጣም። ወይ አልማዝ፣ ወይ ትዕግሥት አልኩ በልቤ፤ በአፌ ግን የጮኽኩት ቃል የለውም። እኔ ስጮኽ እነሱ እርግጠኛ ሆኑ፤ እነሱ ሲያለቅሱ እኔ እርግጠኛ ሆንኩ።

እድራችን በሌላው ሥራው ቀርፋፋ ነው፤ በለቅሶ ግን የሚደርስበት የለም። ፀሐይ ሳትጠነክር ድንኳኑ ግቢዬ ውስጥ ቆመ፣ አግዳሚ ወንበሩ ተደረደረ፣ ትልልቁ ድስት ጓዳ በር ላይ ተጣደ። በአንድ ወገን የእነ አቶ ጳውሎስ መዝሙር ይሰማል፤ በሌላው ወገን የእኛ ዘመዶች እዬዬ ይላሉ። ሁለቱም ስም አይጠሩም። ለቅሶ ደግሞ ስም ይፈልጋል። አልቃሿ ስሙን ካልያዘች በምን ትጀምር? እያንዳንዷ ጎኗ ያለችውን በዓይኗ ትጠይቃለች፤ ያችኛዋም አላወቀችም እንዳትባል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታለቅሳለች። በመንደራችን እንደዚያ ቀን ያለ ደማቅ ለቅሶ ተሰምቶ አያውቅም ብለውኛል።

ቴፒ የምትኖረው እህቴ በመጀመሪያው መኪና ደረሰች። ስልክ የደወለላት ሰው «ወንድምሽ ቤት ድረሺ» ብቻ ብሏት ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ድንኳኑ ውስጥ ገባችና እኔ ላይ ስትደርስ ክው ብላ ቀረች። ለካ የምታለቅሰው ለእኔ ኖሯል። አንገቴን ዳሰሰችኝ፤ እኔው ነኝ። ይሁን እንጂ ማልቀሷን አላቋረጠችም፤ ከቴፒ ድረስ ተመጥቶ ዝም አይባልም። አጠገቤ ተቀምጣ ሌላ ሟች እስኪገኝ በደፈናው ቀጠለች።

አሁን ስነግራችሁ እስቃለሁ እንጂ ያን ጊዜ ሳቅ አልነበረም። በዓይኔ ስለምናቸው ሰዎቹ አንገታቸውን ይሰብራሉ፤ ለካ እነሱም በዓይናቸው እኔን ነው የሚለምኑት። አእምሮዬ «የትኛዋ?» ሊል ሲጀምር አቋርጠዋለሁ። አንዷን ለማትረፍ ሌላዋን አሳልፌ መስጠት እየመሰለኝ ሁለቱንም ስም ፈራሁት።

መቻል ሲያቅተኝ ጓሮ ደርሼ ልምጣ ብዬ ተነሳሁ። ደግፈንህ ካልሄድን ያሉ ነበሩ፤ ለዚህስ ብቻዬን እበቃለሁ ብዬ አመለጥኩ። ከእንሰቱ ጀርባ ተሸሽጌ ስልኬን አወጣሁ። እድርተኛ ሁሉ ድንኳን ተክሎልኝ ሳለ እንሰት ሥር ተደብቄ ከስልክ ማጽናኛ መፈለጌ ለምን እንደሆነ ልታስረዱኝ ከቻላችሁ አመሰግናለሁ።

«ሰው ሞቶብኛል» አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ ለማድረግ እየሞከርኩ።

«ከልብ አዝናለሁ። የሞቱት ማን ናቸው?»

«አላውቅም።»

እንደ ልማዷ ሳትገረም ቀጠለች።

«እንግዲያው» አለችኝ፣ «ቤትዎ የመጡትን ሰዎች የሞተው ማን ነው ብለው በቀጥታ ቢጠይቋቸው ጥሩ ነው።»

አሳዳጊ የበደላት አልኩ በሆዴ። ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ ማን ሞተብኝ ይባላል? ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ግን እንሰቱ ሥር ቆሜ ሳስበው፣ እዚያ ድንኳን ውስጥ ካለው ጨዋ ሁሉ ማወቅ ያለብኝን ነገር የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት። ነውርን የሚፈራ ጉሮሮ የላትምና ተናገረችው። ፊቴን በእጅጌዬ ጠርጌ ስልኩን ሳልዘጋ ኪሴ ከተትኩና ተመለስኩ።

ድንኳኑ መሐል ቆምኩ። «አቶ ጳውሎስ» አልኩ፣ «የሞተብኝ ማን ነው? ቁርጡን ይንገሩኝ።»

መዝሙሩ ቆመ፤ እዬዬውም ቆመ። አቶ ጳውሎስ ባርኔጣቸውን ከአንዱ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩት፤ ዓይኔን አዩኝ፣ ጎረቤቶቹን አዩ፣ ተመልሰው እኔን አዩኝ።

«የትዕግሥት አባት» አሉኝ፣ «እኛ እኮ ካንተ ልንሰማ ነው ቁጭ ያልነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በወጉ ለመናገር ይከብደኛል። ሰው ሁሉ ወደ ወይዘሮ አስቴር ዞረ። እሷም ማታ አንዲት ሴትዮ ስታጽናናኝ፣ እኔም ሳለቅስ በጆሮዋ እንደሰማች፣ ይህን ሰምታ ዝም ብትል ጎረቤት እንደማትባል በልበ ሙሉነት ተናገረች። የቷ ሴትዮ ብዬ ስጠይቅ፣ ኪሴ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ጥያቄው ለእሷ መስሏት «ሰላም፣ እንዴት ነዎት? ልረዳዎት የምችለው ነገር አለ?» አለች፣ ድንኳኑ እስኪያስተጋባ። አውጥቼ አሳየኋቸው። አቶ ጳውሎስ ከመቀመጫቸው ብድግ እንደ ማለት ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት?» ሲሉ፣ ከኋላ አንድ ሽማግሌ የማን ልጅ ናት ብለው ጠየቁ። ማሽን መሆኗ ሲነገር ብዙዎቹ አላመኑም፤ አማርኛዋ በጣም ያማረ ነው አሉ።

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው ያለቀስከው?» አለች እህቴ።

ሽንኩርት ስልጥ ነው አልኩ። ሽንኩርት ለሚልጥ ሰው አይዞዎት የሚባልበትን አገር አሳየኝ አለችኝ። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን መሐል መንገድ ላይ ቀረ። ሰው መሞቱን የሚያውቅ የለም፤ ማንም አለመሞቱንም የሚያውቅ የለም። ቱም አሁንም ዝም እንዳለች ናት። ይህ ሐሳብ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሲሄድ በዓይኔ አየሁት። ድንኳኑ ይነቀል ያሉ ነበሩ፤ ሟርት ነው ብለው። አይነቀል ያሉም ነበሩ፤ ድስቱ ገና አልበሰለም ብለው። አቶ ጳውሎስ ግን «አይነቀልም» አሉ። «ደስታም ይሁን ሌላ፣ ወሬው እስኪመጣ አብረነው እንቀመጣለን። መጥተናል፤ ለምን እንሄዳለን?»

ማንም አልሄደም። ሱቅ ያለው ሱቁን አልከፈተም፤ ቡናው ማሳ ላይ የሚጠብቀው ሰው እንኳ ተቀመጠ። ወይዘሮ አስቴር እንጀራ አቅርባ ብላ ብላ አለችኝ። ስለ እኔ ጨጓራም አንድም ሰው አላነሳም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ያን ቀን፣ ሟች በሌለበት ለቅሶ ላይ ነው። ማታ የነበረችኝ አንድ ድምፅ ብቻ ናት፤ እሷን አልንቃትም፣ ደግፋኛለች። እነዚህ ግን ሥራቸውን ትተው አጠገቤ ተቀምጠዋል። ምስጋናዬን ልናገር አፌን ከፍቼ እንባዬ ቀደመኝና ተውኩት።

እኩለ ቀን ላይ ስልኬ ጮኸ። አልማዝ ናት። ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ በጭቃ ወጥታ እያለከለከች ነው የደወለችው።

«ተገላገለች» አለችኝ። «ሴት ልጅ ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

የሰማሁትን በዚያ የወፍጮ ቤት ድምፄ አስተጋባሁት። ድንኳኑ በእልልታ ቀለጠ። ጓዳ ደጃፍ ድስት የሚያማስሉት ሴቶች ግን መሐል ላይ የሆነውን አልሰሙም ነበር። ጩኸቴን ሲሰሙ የሟች ስም በመጨረሻ የተነገረ መሰላቸውና ከጠዋት ጀምረው ያመቁትን ለቅሶ በአንድ አፍ ለቀቁት። እልልታና እዬዬ እኩል ወጣ። አልማዝ በዚያ ጫፍ ሁሉንም ሰማች።

«ምንድን ነው የምሰማው?» አለች። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«አትደብቀኝ። ለቅሶ ጠፍቶኝ ነው? ቤቴ ውስጥ ነው የሚለቀሰው። ማን ነው? ንገረኝ፣ እችለዋለሁ።»

ጠዋት እኔ የነበርኩበት ቦታ ላይ ቆማለች፤ ብቻዋን፣ ጭቃ ላይ። ሽንኩርቱን ላወራላት አልቻልኩም። እዚያ ቦታ ላይ አንዲት ደቂቃ ልትቆይ አይገባም። ሴቶቹን ዝም አሰኝተዋቸው ነበር፤ ድንኳኑ ሙሉ ሰው እኔን ያያል፤ እኔ ደግሞ ማንሾካሾክ የማልችል ሰው ነኝ።

«ናፍቀሽኝ ነው» አልኳት። «ናፍቀሽኝ አለቀስኩ። ሰው ሰማኝና ለቅሶ መሰለው።»

አቶ ጳውሎስ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ወይዘሮ አስቴር አፏን በነጠላዋ ያዘች። ስልኩን ወደ ጆሮዬ አጥብቄ አስጠጋሁት።

«ሰው አለ አጠገብህ?» አለችኝ።

«እድሩ በሙሉ።»

«እንግዲያው» አለች አልማዝ፣ «ድገመው።»